«ፍቱን» — የወፍ በሽታና የሰንሰል ቅጠል

በቀደሙት የመድኃኒት መጻሕፍታችን ውስጥ ከማናቸውም ቃል ይልቅ ዓይኔን የምትይዘው አንዲት አጭር ቃል ናት፤ «ፍቱን»። ቅጠሉ ከተጠራ፣ ሥሩ ከተቆጠረ፣ የሚወቀጥበትና የሚጠጣበት ቀን ከተነገረ በኋላ ጸሐፊው በመጨረሻ እንደ ማኅተም ያኖራታል። ዛሬ ቃሏን የምንሰማት «የሚያድን»፣ «የማይስት» በሚል ትርጉም ነው። ሥርዋ ግን «ፈተነ» ነው፤ ፈተና፣ ፈታኝና ተፈታኝ ከምንላቸው ቃላት ጋር አንዲት እናት ወልዳታለች። እንግዲህ ጸሐፊው የሚለን «ይህ ያድናል» ብቻ አይደለም፤ «ይህ ተፈትኗል» ነው የሚለን። ማን ፈተነው? በማን ላይ? ጠጥቶ ያልዳነው ሰው፣ ሳይጠጣ የዳነውስ ሰው በየትኛው ገጽ ተመዘገበ? መጻሕፍቱ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ሲሆን ለምሳሌ የያዝሁት የጉበትን ሕመም፣ በተለይም አገራችን «የወፍ በሽታ» ብላ የምትጠራውን ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንዳስቀመጥሁ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

መጻሕፍቱ ራሳቸው ታሪክ አላቸው። ከደብተራ ወደ ደብተራ፣ ከአባት ወደ ተወደደ ልጅ የሚተላለፉ፣ ብዙ ጊዜም ለሌላ ዓይን የማይገለጡ ናቸው። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1928 እና በ1929፣ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን በሚገዙበት ዘመን፣ ወደዚያ አገር ዘልቆ ነበር። በ1930 የአንድ ሐበሻ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ። (ይኸው ሰው ኋላ ስሙ የገነነው በማሊ ስላሉት ዶጎኖች በጻፈው ነው፤ የኛው ደብተራ ግን ከዶጎኖቹ ቀድሞታል።) ከእርሱ በኋላ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን በኢትዮጵያ ሕክምናና ዕፀዋት ላይ ሁለት ትልልቅ ጥራዞችን በ1968 እና በ1973 አወጣ። ከራሳችን ወገን ደግሞ የገላሁን አባተ «ዕፀ ደብዳቤ» በ1989 ታትሟል፤ በ1993 ዳዊት አበበና አሐዱ አየሁ ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ የመድኃኒት ዕፀዋት ያዘጋጁት መጽሐፍ ተከትሏል። ተሰውሮ የኖረው ነገር በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ እንዲህ ወደ አደባባይ ወጣ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረታችን ስለ በሽተኛው ነው የተነገረው፤ መድኃኒቱን ስለሚደብቀው ባለ መድኃኒት የተነገረ ተረት ግን የለንም። ምስጢሩ ከወጣ ኃይሉ ይጠፋል ተብሎ ይታመን ስለነበር መደበቁ እንደ ነውር አልተቆጠረም።

እነዚህን መጻሕፍት እንደ ማስረጃ ለሚያነብ ሰው የመጀመሪያው እንቅፋት ቅጠሉ ሳይሆን ሕመሙ ነው። በግዕዝ «ከብድ» ሲባል ጉበትም ሊሆን ይችላል፣ ሆድም ሊሆን ይችላል። የከብድ ሕመም ተብሎ የተጻፈው የጉበት ነው ወይስ የአንጀት? ጸሐፊው ያውቅ ነበር፤ እኛ ግን ከገጹ ላይ ልናውቅ አንችልም። አማርኛችንም በዚህ ቦታ ከሐኪም ይልቅ ወደ ባለ ቅኔ ያደላል። ድፍረትን ወስዶ ሐሞት ውስጥ አስቀመጠው፤ የፈራውን «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንለዋለን፣ ወኔ የሌለውን «ሐሞተ ቢስ»። ሐሞት በእውነት ስትፈስስና መንገድዋን ስታ ወደ ደም ስትገባ ግን የምታደርገው ሌላ ነው፤ የዓይንን ነጭ ብጫ፣ ሽንትን እንደ ጥቁር ሻይ፣ ዓይነ ምድርን እንደ አመድ ታደርጋለች። የወፍ በሽታ የምንለው ይህን ነው። በዚህ ስም ላይ መሳት አስቸጋሪ ስለሆነ እኔም ከብዙዎቹ ስሞች መካከል እርሱን መረጥሁ።

ወፏ ማን ናት? ሕዝቡ እንደሚለው የሌሊት ወፍ ናት። በሰው ላይ ስትበርር ወይም ሽንትዋ ሲያርፍበት ይይዘዋል ይባላል። አባባሉን ለመናቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ያሳየናል። የጥንቱ ሰው ሕመሙ ከውጭ እንደሚመጣና ሳይታይ እንደሚገባ ተረድቶ ነበር። የሳተው በምን እንደሚገባ ነው። ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው የወፍ በሽታ የሚመጣው ሄፓታይተስ ኤ እና ሄፓታይተስ ኢ ከተባሉት ቫይረሶች ሲሆን እነርሱም በተበከለ ውኃና ምግብ በኩል ይገባሉ።

የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደጀንንና ሉማሜን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ ለሚሄድ መንገደኛ አምበር ከመንገዱ ዳር የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበት፣ ዙሪያው የአብነት ትምህርት ያልጠፋበት አገር ነው። በዚህ ደጋ ከግቢ አጥር ብዙ ጊዜ የማይታጣው ቁጥቋጦ ሰንሰል ነው፤ ስሚዛ የሚሉትም አሉ። አበባው ነጭ ነው፣ ንብ ይወድደዋል፣ ቅጠሉ እጅግ መራራ ነው። ከብት ስለማይደፍረው ለአጥር ተመራጭ ሆነ፤ አጥር ስለሆነም ለመድኃኒት ቅርብ ሆነ። ብዙ ጊዜ የማስበው ይህን ነው፤ አንድ ዕፅ መድኃኒት የሚሆነው ኃይል ስላለው ብቻ ሳይሆን ሌሊት ሕፃን ሲታመም በእጅ የሚደረስበት ቦታ ላይ ስለ በቀለም ጭምር ነው።

በዚያ ያነጋገርኋቸው አንድ የኔታ ቅኔን እያስተማሩ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ለወፍ በሽታ ምን ይሰጣሉ ብዬ ስጠይቃቸው አልሸሸጉኝም፤ ለጋውን የሰንሰል ቅጠል አጥቦ መውቀጥ፣ በውኃ መበጥበጥ፣ አጥልሎ በማለዳ በባዶ ሆድ ማጠጣት። ከዚያ በኋላ ያሉኝ ግን ከቅጠሉ ይበልጥ ሳበኝ፦

«ጠላ አይቀምስም፣ አረቄ አይቀርበውም፣ ቅባት አይበላም፣ እርሻ አይወጣም። ይህን ያፈረሰ ቢጠጣም አይረባው።»

«የኔታ፣ ይህን ጠብቆ ቅጠሉን ያልጠጣ ሰውስ አጋጥሞዎት ያውቃል?» አልኋቸው።

ሳቁ። «ልጄ፣ ወደ እኔ የሚመጣው እኮ ሊጠጣ ነው።»

በዚህች መልስ ውስጥ የማስረጃው ችግር ሁሉ አለ። ሄፓታይተስ ኤ የያዘው ሰው በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት፣ ቢበዛ በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ይድናል፤ ሥር የሰደደ ሕመምም አይሆንበትም። ሄፓታይተስ ኢ እንደዚሁ ነው፤ ከነፍሰ ጡሮች በቀር። ፕሮፌሰር ዕደ ማርያም ጸጋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ በኢትዮጵያ ነፍሰ ጡሮች ላይ የጉበትን ሕመም ደጋግመው የመረመሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በእርግዝና የመጨረሻ 3 ወራት ሄፓታይተስ ኢ ከያዛቸው 100 ሴቶች ከ20 እስከ 25 የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። ሌላው ሕመምተኛ ግን ሰንሰል ቢጠጣ ይድናል፣ ባይጠጣ ይድናል፣ የሌሊት ወፍን ቢረግም ይድናል። ስለዚህ 10 ሰው ጠጥቶ 10ሩም ቢድን፣ ባለ መድኃኒቱ በቅን ልቡና «ፍቱን» ብሎ ይጽፋል። አልዋሸም። ዓይኑ ያየውን ነው የጻፈው። የጎደለው ሁለተኛው ረድፍ ነው፤ ያልጠጡት 10 ሰዎች።

የአረቄውን ክልከላ ግን እንዲሁ አልፈው ዘንድ አልፈቅድም። የተጎዳ ጉበት ላለው ሰው አልኮልን መከልከል ዛሬም ማናቸውም ሐኪም የሚሰጠው ምክር ነው። የኔታ የሚሰጡት መድኃኒት አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ቅጠሉና ክልከላው፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ሁልጊዜ ቅጠሉ ነው።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራው ልሻገር። በ2010 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም አንዱ ፕሮፌሰር ቃለአብ አስረስ፣ ከአንድ ህንዳዊ ባልደረባቸው ጋር በሁለት የአገራችን ዕፀዋት ላይ ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። አንደኛው ሰንሰል ነው፤ ሁለተኛው ቅጠሉ ሰፊና ጠጉራም የሆነው፣ ቀጠጢና ወይም የአህያ ጆሮ የምንለው። ሁለቱም በባህላዊው ሕክምና ለጉበት የሚሰጡ ናቸው። ምርመራው የተደረገው በአይጦች ላይ ነበር። ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተባለ ጉበትን የሚያቃጥል ፈሳሽ ተሰጣቸው። ጉበት ሲጎዳ በሕዋሳቱ ውስጥ ተዘግተው የሚኖሩ ኢንዛይሞች እንደ ተሰበረ ጋን ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ በደም ውስጥ የተገኘው መጠን የጉዳቱን ልክ ይናገራል። የሰንሰልን ጭማቂ አስቀድመው የወሰዱት አይጦች ካልወሰዱት ይልቅ በደማቸው ውስጥ አነስተኛ ኢንዛይም ተገኘባቸው። ልዩነቱም በአጋጣሚ የሚመጣ አልነበረም።

እነሆ ሁለተኛው ረድፍ! ያልጠጡት ተቆጠሩ። ደብተራው በብራናው ጫፍ ላይ ያኖራት ቃል ከስንት ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ትርጉሟ የቆመች መሰለኝ። ደስታዬን ይዤ ነገሩን ለየኔታ ስተርክላቸው ዝም ብለው ሰሙና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «መርዙን ከመጠጣታቸው በፊት ነው ቅጠሉን ያጠጧቸው?» አዎን አልኋቸው። «እኔ ዘንድ ግን የሚመጣው ዓይኑ ብጫ ከሆነ በኋላ ነው።»

አንድ የሳይንስ መጽሔት ገምጋሚ ሊያነሳው የሚችለውን ትልቁን ነጥብ የቅኔ መምህሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ከጉዳት በፊት መጠበቅና ከጉዳት በኋላ መፈወስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚያ ላይ ፈሳሹ ኬሚካል እንጂ ቫይረስ አይደለም፤ አይጥም ሰው አይደለችም። ምርመራው የነገረን ቅጠሉ ባዶ እንዳልሆነ ነው። የአምበርን በሽተኛ ያድናል አላለም፤ ተመራማሪዎቹም የሚሉት «ለባህላዊው አጠቃቀም ድጋፍ ይሰጣል» እንጂ ከዚያ አይዘልልም።

ከአይጥ ወደ ሰው የሚወስደው መንገድ ምን ያህል ወንዝ እንዳለበት ለማየት ከአገራችን ውጭ ያሉ ሁለት ታሪኮችን ላምጣ። ቀዳሚው የህንድ ነው። ሄፓታይተስ ቢን ያገኘውና በ1976 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ባሩክ ብለምበርግ ከማድራስ ሐኪሞች ጋር ሆኖ ፊላንተስ አማሩስ የተባለውን፣ ህንዶች ከጥንት ለወፍ በሽታ የሚሰጡትን ተክል ፈተነ። ውጤቱ በ1988 «ላንሴት» በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ፤ ተክሉን ከወሰዱት 37 ሰዎች በ22ቱ ደም ውስጥ የቫይረሱ ምልክት ጠፋ፣ መድኃኒት የሌለበትን እንክብል ከወሰዱት 23 ሰዎች ግን በ1 ብቻ። ከዚህ የሚበልጥ «ፍቱን» ከወዴት ይመጣል? ሁለተኛው ረድፍ አለ፣ ታላቅ ስም አለ፣ ታላቅ መጽሔት አለ። ሌሎች በሌላ አገር ደግመው ሲሞክሩት ግን ያው ውጤት አልተገኘም። ተክሉም ሄፓታይተስ ቢን ከሚያክሙት መድኃኒቶች መካከል ሳይገባ ቀረ።

ሁለተኛው ስለ ሲሊማሪን ነው። ይህ ከአውሮፓ እሾህ የሚወጣ፣ ከጥንት ሮማውያን ዘመን ጀምሮ ለሐሞት ሲነገርለት የኖረ ነው፤ በዓለም ዙሪያ የጉበት ዕፀዋት ሲመረመሩ እንደ መለኪያ የሚቀመጠውም እርሱ ነው። ሌላው ዕፅ «እንደ ሲሊማሪን ሠራ» ከተባለ እንደ ምስጋና ይቆጠርለታል። በ2012 ግን በአሜሪካ ሄፓታይተስ ሲ ባለባቸውና በሌላ ሕክምና ባልዳኑ 154 ሰዎች ላይ ለ24 ሳምንታት ሲሞከር መድኃኒት ከሌለበት እንክብል የተሻለ ሥራ አልሠራም። በእንጉዳይ መርዝ ጉበታቸው ለተጎዳ ሰዎች በደም ሥር የሚሰጡት ሐኪሞች ግን አሉ። መለኪያው ራሱ ለአንዱ ሕመም ሲቀርብ ለሌላው የማይቀርብ ከሆነ፣ በእርሱ የተለካው ነገር ምን ያህል ይመዝናል?

ስለ ዕፀዋት ስናወራ ሌላም ፊት አለ። ከ2001 ጀምሮ በትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ጸዳ እምባ በምትባል ቀበሌ ሆዳቸው በውኃ እየተነፋ ጉበታቸው እየተበላሸ ሰዎች ያልቁ ጀመር። ውኃው ተጠረጠረ፣ ፀረ ተባዩም ተጠረጠረ። ምርመራው በመጨረሻ ያመለከተው ከእህሉ ጋር አብሮ የሚታጨድና የሚወቃ አንድ አረም ላይ ነው፤ በውስጡ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል ጉበትን የሚያበላሽ መርዝ አለበት። ማንም መድኃኒት ብሎ አልጠጣውም፤ በእንጀራው ውስጥ ነው የበላው። «ቅጠል ነውና አይጎዳም» ለሚሉት ወዳጆቼ ይህን ታሪክ ሳልነግራቸው አላልፍም። በክንድ ላይ እየበጡና እየተኮሱ የወፍ በሽታን «ማውጣት» ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ምላጭ ሄፓታይተስ ቢን ይዞ ይሻገራል። የወፍ በሽታን ሊያወጣ የመጣ ምላጭ የባሰውን አስገብቶ ይሄዳል ማለት ነው።

እንግዲህ ከዕፀዋታችን መካከል የሰውን ጉበት በመጠበቅ በኩል በሰው መካከል የተፈተነ አንድ ስጥ ብባል የምሰጠው እንዶድን ነው፤ ያውም ማንም ሳይጠጣው። በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አየ። ከቦታው ከፍ ብሎ ያሉት ግን ሕያዋን ነበሩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ናቸው፤ በአገራችን ደጋ የሚገኘው ቢልሃርዚያ ደግሞ እንቁላሉን ጉበት ውስጥ እየቀበረ ዓመታትን ፈጅቶ ጉበትን ያጠነክራል፣ ሆድን ይነፋል፣ ደም ያስተፋል። ከአድዋ ወንዞች በእንዶድ ከታከሙ በኋላ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። አክሊሉ ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። የአድዋ ሴቶች ግን መድኃኒት እየሠሩ መሆናቸውን አያውቁም ነበር፤ ነጠላ እያነጡ ነበር።

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አንድ ነገር ትዝ ሊላቸው ይገባል። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱበት፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም የማይርቀው ደብር ስሙ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ምን እንደበዛበት በሚገባ ያውቁ ነበር።

ከአምበር ከመሄዴ በፊት ከየኔታ ጋር ያደረግነው የመጨረሻው ወሬ ስለ ሄፓታይተስ ቢ ነበር። በ2016 የታተመ አንድ የጥናቶች ጥንቅር እንደሚለው በኢትዮጵያ ከተመረመሩት 100 ሰዎች በ7ቱ ያህል ደም ውስጥ ይህ ቫይረስ ይገኛል። ካደጉ በኋላ የያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸው ያሸንፉታል፤ ሲወለዱ ከእናታቸው ከያዛቸው ሕፃናት ግን ከ10ሩ 9ኙ ይዘውት ይኖራሉ፤ 20 እና 30 ዓመት ያለ ምንም ምልክት። ከዚያ በኋላ ጉበት ይጠነክራል ወይም ካንሰር ይወጣበታል። ከ2007 ወዲህ ለሕፃናት የሚሰጠው የ5 በሽታዎች ክትባት ይህን ይጨምራል፤ በ2015 ደግሞ በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በርካታ ሕሙማንን የያዘ የሕክምና ፕሮግራም ተጀምሯል። ቴኖፎቪር የተባለው በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ቫይረሱን ይገታዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጨርሶ አያጠፋውም።

የኔታ ሲያዳምጡ ቆይተው «ዓይኑ ብጫ ያልሆነ፣ እህል የሚበላ፣ እርሻ የሚውል ሰው ታሟል ትለኛለህ?» አሉኝ።

«አዎን የኔታ። ደሙ ካልተመረመረ ራሱም አያውቅም።»

የመድኃኒት መጽሐፋቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ጥቂት ገለጡ። እያንዳንዱ አንቀጽ በቀይ ቀለም በተጻፈ የሕመም ስም ይጀምራል፤ ከስሙ በኋላ ነው ቅጠሉ የሚመጣው። «እንግዲህ ይህን በምን ስም እጽፈዋለሁ?» አሉኝ፤ እኔም በአማርኛ ስም እንዳልወጣለት ነገርኋቸው።